አዲስ ፒካፕ በረጅም መንገድ ሲፈተን

ሰው በአደባባይ ሳለ ጠባዩ ሁሉ ያማረ መስሎ ይታያል፤ እውነተኛው ጠባዩ የሚገለጸው ግን አብረውት ሩቅ መንገድ ሲሄዱ፥ ሲርበውና ሲደክመው ነው። ተሽከርካሪም እንዲሁ ነው። በሻጭ ደጅ ታጥቦና ተወልውሎ የቆመ መኪና ሁሉ መልካም ይመስላል፤ መልካምነቱን የሚያስመሰክሩት ግን ዳገቱ፥ ቍልቍለቱ፥ ሙቀቱና ሸክሙ ናቸው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን አንድ ቤተ ሰብ አዲስ ፒካፕ ገዝቶ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር በሄደበት ጊዜ ያየነውን ለአንባቢዎቻችን ለመግለጥ አስበናል። መኪናው የየትኛው ፋብሪካ ሥራ እንደ ሆነ አንናገርም፤ የምንናገረው ስለ አንድ መኪና ስም ሳይሆን ማንም ገዢ ሊፈትነው ስለሚገባው ነገር ነውና።

ፒካፕ የተባለው መኪና ከፊቱ የሰው መቀመጫ የሆነ ጋቢና፥ ከኋላው ደግሞ ክፍት የጭነት ሳጥን ያለው ነው። የፎርድ ፋብሪካ በሞዴል ቲ መኪናው ላይ እንዲህ ያለውን ሳጥን ራሱ ገጥሞ መሸጥ የጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1925 ዓ.ም. ነበር። በአገራችን መንገዶች ላይ አዘውትሮ የሚታየው የቶዮታ ሃይሉክስም መሠራት የጀመረው በዚያው አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. ነው። የቀድሞዎቹ ሾፌሩንና አንድ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ ነበሩ፤ የዛሬዎቹ ግን ብዙዎቹ ባለ አራት በርና ባለ ሁለት ረድፍ ወንበር ስለ ሆኑ ቤተ ሰብን ከነጭነቱ ይይዛሉ። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ ባለቤቱ በአንድ ዋጋ የቤት መኪናና የጭነት መኪና የገዛ ይመስለዋልና።

ታላቅ ወንድሜ በአንድ መሥሪያ ቤት 22 ዓመት ያገለገሉ፥ ቀጠሮ የማያጓድሉና ገንዘብ የማያባክኑ ሰው ናቸው። ከብዙ ዓመት ቍጠባቸው ላይ የደረሳቸውን ዕቁብ ጨምረው፥ ከባለቤታቸውም ወርቅ ጥቂቱን ሸጠው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ ፒካፕ ገዙ። አሳባቸውም ሥራቸውን ለቀው በመኪናው እህልና አትክልት እያመላለሱ ለመኖር ነበር። የስንብት ማመልከቻቸውን ጽፈው በኮታቸው ኪስ አኑረውታል። ባለቤታቸው እትዬ ግን በነገሩ ሥጋት አድሮባቸው አንድ ቀን ለብቻዬ ጠሩኝና፦ «ወንድምህ በዚህ መኪና ተስፋ ከማድረጋቸው የተነሣ የሚነቅፈውን ሰው አይሰሙም። አንተ ስለ መኪና ታውቃለህና በመንገድ አብረኸን ሂድ፤ ያየኸውንም ሳትደብቅ ንገረን» አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ።

ጉዞው በትምህርት ቤት የዕረፍት ሳምንት ሆነ። ወንድሜ ከፊት ሆነው ይነዳሉ፥ እኔ ከጎናቸው፥ እትዬ ከሁለቱ ልጆቻቸው ጋር ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። በጭነቱ ሳጥን ላይ ደግሞ ድሬዳዋ ለሚገኝ ነጋዴ የሚደርስ 8 ኩንታል ጤፍ ተጭኖ በሸራ ተሸፈነ። ወንድሜ፦ «ጉዞው ቤተ ሰቡን ያስደስታል፥ ጤፉ ደግሞ የነዳጁን ዋጋ ይከፍላል» ብለው ደስ ብሏቸው ነበር።

ከመነሣታችን በፊት በማለዳ ልንመለከት የሚገባንን ተመለከትን። የሞተሩን ዘይት፥ የራዲያተሩን ውሃና የፍሬኑን ዘይት መጠን አየን። የጐማው አየር ምን ያህል መሆን እንዳለበት በሾፌሩ በር አጠገብ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ተጽፎአል፤ ለባዶና ለጭነትም ልዩ ልዩ ቍጥር አለው። አየሩ የሚለካው ጐማው ሳይሞቅ ነው፤ በመንገድ ላይ ሲሞቅ አየሩ መጨመሩ የተለመደ ስለ ሆነ፥ ያን አይቶ ማስተንፈስ ስሕተት ነው። መለዋወጫ ጐማው በጭነት ሳጥኑ ሥር ስለ ተሰቀለ በቤታችን ግቢ አንድ ጊዜ አውርደን መልሰን ሰቀልነው። በዚህም ጊዜ የማውረጃው ዘንግ ከኋላ ወንበር በስተጀርባ መቀመጡን ዐወቅን፤ ይህንን በሌሊት በምድረ በዳ ከመፈለግ በቀን በቤት ማወቅ ይሻላል። ነገር ግን አንድ ዋና ነገር ሳንመለከት ቀረን፤ እርሱንም በስፍራው እንናገራለን።

በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ መኪናው እንከን አልታየበትም። መሪው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የሞተሩም ድምፅ ጨዋታችንን አላቋረጠውም። ሆኖም በለስላሳ መንገድ ላይ የማይመሰገን መኪና የለምና በዚህ ላይ ፍርድ አልሰጠሁም። ከፊታችን የሚመጡ ሾፌሮች ግን ገና በማለዳው ጨለማ መብራታቸውን ደጋግመው ያበሩብን ነበር። የጤፉ ክብደት የመኪናውን ኋላ ዝቅ፥ ፊቱን ቀና ስላደረገው መብራታችን በዐይናቸው ይገባ ነበር። ይህ የመጀመሪያው ምልክት ነበር፤ ወንድሜ ግን «ዛሬ ሾፌሩ ሁሉ ቍጡ ሆኗል» ብለው አለፉት።

ከአዳማ ወዲያ አገሩ እየቀለጠ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ከፍታ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከሚበልጠው ደጋ ተነሥተን ወደ 1,000 ሜትር ወደሚጠጋው የአዋሽ ቈላ ወረድን። በመተሐራ የፈንታሌ ተራራ በስተግራ ይታያል፤ ከመንገዱም አጠገብ ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረ ጥቍር ድንጋይ ተነጥፎአል። የበሰቃ ሐይቅ ባለፉት ብዙ ዓመታት እየሰፋ በመምጣቱ የመኪናውን መንገድና የባቡሩን ሐዲድ ከፍ አድርጎ መሥራት ግድ ሆኖ ነበር። በዚሁ አካባቢ በ2017 ዓ.ም. ምድር ደጋግማ ተንቀጥቅጣ ብዙ ሰው ከቀየው መነሣቱም የሚታወስ ነው። እኛ ባለፍንበት ቀን የነበረው ፈተና ሙቀት ብቻ ነበር። የሙቀቱን መለኪያ ዘወትር እመለከት ነበር፤ ቀስቱ ከመካከል ንቅንቅ አላለም። የጋቢናው ማቀዝቀዣም ልጆቹን አሳርፎ አስተኛቸው። በዚህ መኪናው ምስጋና ይገባዋል።

ከአዋሽ በኋላ አንዱ መንገድ በአፋር ምድር አድርጎ ወደ ጅቡቲ ይሄዳል፤ እኛ በምሥራቁ ይዘን በሚኤሶ በኩል የጨርጨርን ተራሮች መውጣት ጀመርን። አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ ወደ ደጋ በተወጣ ቍጥር አየሩ ስለሚሳሳ ተራ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከኀይሉ ወደ አንድ ዐሥረኛ የሚሆነውን ያጣል። ተርቦ የተባለው መሣሪያ አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን በብዙ ይቀንሳል። የዚህ መኪና የናፍጣ ሞተር ባለ ተርቦ በመሆኑ እስከ አሰበ ተፈሪ፥ ከዚያም በሂርና በኩል እስከ ቍልቢ ያለውን ዳገት ሳይጨነቅ ወጣው። እንዲህ ያለው ሞተር ትልቅ ዳገት ከወጣ በኋላ ወዲያው አይጠፋም፤ ተርቦው እንዲቀዘቅዝ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆሞ እንዲሠራ ይተዋል። በዳገቱ ላይ ግን መሪው በእጅ ላይ የቀለለ መሆኑን ወንድሜ ራሳቸው ተናገሩ። የፊቱ ጐማ መሬቱን እንደሚገባ አልተጫነውም ነበር። ይህም ሁለተኛው ምልክት ነው።

ከቍልቢ አልፎ በደንገጎ መንገዱ ከሁለት ይከፈላል፤ በስተቀኝ ያለው ወደ ሐረማያና ወደ ሐረር፥ በስተግራ ያለው ወደ ድሬዳዋ ይወስዳል። የድሬዳዋው መንገድ ከደጋው ጫፍ እስከ ቈላው ድረስ እየተጠማዘዘ የሚወርድ ነው። ጤፉ የሚራገፈው በድሬዳዋ ስለ ነበረ ወደ ግራ ታጠፍን። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበርና ወንድሜ ሳይመሽ ለመድረስ ቸኮሉ፤ በአራተኛ ማርሽ እየወረዱም እግራቸውን ከፍሬኑ ላይ አላነሡም። ጥቂት እንደ ወረድን ታናሹ ልጅ ከእንቅልፉ ነቅቶ፦ «እማዬ፥ ምን ይቃጠላል?» ብሎ ጠየቀ።

ሽታውን ሁላችንም ሰማነው። ወንድሜ ፍሬኑን ሲረግጡት እንደ ወትሮው አልመለሰም፤ ወደ ታች ጠልቆ ሄደ። ፊታቸው ተለወጠ፥ ነገር ግን አልጮኹም። እኔ፦ «ጋሼ፥ ሦስተኛ ያግቡ፤ ቀጥሎም ሁለተኛ» አልኩ። ሞተሩ እየጮኸ መኪናውን ያዘው፤ ከመታጠፊያው በፊት ባገኘነው ሰፊ የመንገድ ዳር ቆምን። ወርጄ ከጐማዎቹ ፊት ድንጋይ አኖርኩ። እትዬ ሁለቱን ልጆች ይዘው ከመንገዱ ርቀው ከተቀመጡ በኋላ ለብዙ ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም።

የሆነው ይህ ነው። ፍሬን የመኪናውን ሩጫ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። በረጅም ቍልቍለት ላይ ያለ ዕረፍት ሲረገጥ የፍሬኑ ሸራ ከመጠን በላይ ይሞቅና መያዝ ያቅተዋል፤ ሙቀቱ ወደ ፍሬኑ ዘይት የደረሰ እንደ ሆነም ዘይቱ ፈልቶ አረፋ ስለሚያወጣ ፔዳሉ ባዶ ይረግጣል። ጭነት ሲበዛ ሙቀቱም በዚያው ልክ ይበዛል። ስለዚህ ነባር ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ፥ ፍሬኑም ለመጨረሻው ጉዳይ እንዲጠበቅ ነው። በጋለ ፍሬን ላይ ውሃ ማፍሰስም አይገባም፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላልና። እኛም ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይተን፥ ፔዳሉ ወደ ጥንካሬው መመለሱን ፈትነን፥ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብለን ወረድን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ ለመቅደም የቸኮልንበት መንገድ ከመሸ በኋላ አደረሰን።

በድሬዳዋ ጤፉ ሲራገፍ የመኪናውን መጽሐፍ ከመሳቢያው አውጥቼ፥ ከመነሣታችን በፊት ልናነበው የሚገባንን አነበብኩ። የመኪናው የራሱ ክብደት 1,950 ኪሎ ነው፤ ከነጭነቱ እንዲያልፈው ያልተፈቀደለት ልክ 2,850 ኪሎ ነው። ስለዚህ ሊሸከም የሚችለው 900 ኪሎ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህ ቍጥር የኋላ ሳጥኑ ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሾፌሩም፥ ሕፃኑም፥ ስንቁም፥ የውሃው ጀሪካንም ከዚያው ይቈጠራሉ። እኛ አምስታችን ከነሻንጣችን ወደ 320 ኪሎ እንሆናለን፤ ለጤፉ የተረፈው 580 ኪሎ ነበር። የጫንነው ግን 800 ኪሎ ነው፤ 220 ኪሎ ትርፍ ማለት ነው። ይህን ሳላሰላ በመቅረቴ የእኔም ጥፋት ከወንድሜ ጥፋት አያንስም፤ መርማሪ ተብዬ የሄድኩ እኔ ነበርኩና።

በማግሥቱ ዳገቱን መልሰን ወጥተን፥ በሐረማያና በአወዳይ አልፈን ሐረር ከእናታችን ቤት ገባን። እናታችን መኪናውን ዞረው ተመለከቱ፤ መልኩንም አመሰገኑ። ማታ በቡናው ላይ ልጁ የደንገጎውን ነገር ሲያወራ ሰሙና ወንድሜን እንዲህ አሏቸው፦ «ልጄ፥ አባቴ ሲራራ ነጋዴ ነበር። በቅሎ ከመጫኑ በፊት ጀርባዋን ይዳብስ ነበር፤ የቈሰለችውን አይጭንም፥ የደከመችውንም ያሳርፋል። አንተ የዚህን ጀርባ ዳብሰኸዋል?» ወንድሜ መልስ አልሰጡም።

ሌሊቱን ግን ደብተር አውጥተው ጠሩኝ። ለሥራው ያወጡት ሒሳብ በእያንዳንዱ ጉዞ 12 ኩንታል እንዲጫን አድርጎ ነበር፤ ሌሎች እንዲህ ሲጭኑ አይተዋልና። እንደ መጽሐፉ ግን ሾፌርና ረዳት ከነዕቃቸው ወደ 150 ኪሎ ሲቈጠሩ የሚቀረው 7 ኩንታል ተኩል ነው። ገቢውን በዚሁ ልክ ቀንሰን፥ ነዳጁን፥ የመንገዱን ክፍያ፥ የዘይት ለውጡን፥ በየጊዜው የሚለወጠውን ጐማና የፍሬን ሸራ፥ ጭነት ሳይገኝ በባዶ የሚመለስበትንም ቀን ጨምረን አሰላን። በ12 ኩንታል የሰባ ትርፍ ያሳይ የነበረው ሒሳብ በ7 ኩንታል ተኩል ሲሆን የአራት ሰው ቤት የማያሳድር ሆነ። እትዬ በሩ አጠገብ ቆመው ሲያዳምጡ ኖረዋል፤ ነገር ግን «ብዬ ነበር» አላሉም። ወንድሜ ማመልከቻውን ከኪሳቸው አውጥተው ካነበቡት በኋላ በደብተሩ መካከል አኑረው ዘጉት።

የነዳጁን ነገር እንጨምር። ገንዳውን ሞልተን ተነሥተን በደረስንበት እንደገና በመሙላት ለካነው። በትርፍ ጭነት እስከ ድሬዳዋ፥ ከዚያም በባዶ እስከ ሐረር በሄድነው 565 ኪሎ ሜትር ያህል 59 ሊትር ናፍጣ ጨረሰ፤ በአንድ ሊትር 9 ኪሎ ሜትር ተኩል ማለት ነው። በመልሱ፥ ሁለት ጆንያ ድንች ብቻ ጭነን ባጭሩ መንገድ ስንመጣ በ525 ኪሎ ሜትር 47 ሊትር ሆነ፤ በአንድ ሊትር 11 ኪሎ ሜትር አለፈ። እንደዚሁም በመልሱ ሌላ ጠባይ አየንበት። ባሌስትራው ለሸክም የጠነከረ በመሆኑ ጭነቱ ሲቀልለት በሻካራ ስፍራ ኋላው ይዘላል፤ ከኋላ የተቀመጡት እትዬም ወገባቸውን አመማቸው። ይህ የመኪናው ጉድለት አይደለም፥ የተሠራበት ዓላማ ነው፤ ነገር ግን ፒካፕን ለቤተ ሰብ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል። ባዶ ፒካፕ ኋላው ስለሚቀል በዝናብ ጊዜ በመታጠፊያ ላይ መንሸራተቱንም ማሰብ መልካም ነው። አራቱን ጐማ የሚያዞረው ማርሽ ለጭቃና ለአሸዋ እንጂ ለደረቅ አስፋልት እንዳይደለ ደግሞ መጽሐፉ ራሱ ያስጠነቅቃል።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ሆነ፦ መኪናው መልካም ነው፤ ሞተሩ ብርቱ፥ ጋቢናው ምቹ፥ ፍሬኑም ለተፈቀደለት ሸክም የሚበቃ ነው። የተሳሳተው እኛ በእርሱ ላይ የጣልነው ተስፋ ነበር። አዲስ ፒካፕ ለሚገዙ አንባቢዎቻችንም የምንመክረው ጥቂት ነው። ገንዘባችሁን ከመቍጠራችሁ በፊት የመኪናውን ክብደትና የተፈቀደለትን ልክ ጠይቃችሁ ቀንሱ፤ ከቀሪውም ላይ የቤተ ሰባችሁን ክብደት ደግማችሁ ቀንሱ። የመጀመሪያውን 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል በከባድ ሸክምና በታላቅ ሩጫ ሳታስጨንቁት ንዱት። በጭነቱ ሳጥን ላይ ሰው፥ ይልቁንም ልጅ፥ በምንም ምክንያት አታስቀምጡ፤ መኪናው ድንገት ሲቆም በዚያ ያለውን ሰው የሚይዘው ነገር የለም። በጋቢናውም ውስጥ የኋላ ወንበር ቀበቶ እንደ ፊተኛው ሁሉ ይታሰር። ሸክሙ ከባዱ ከታች፥ ወደ ጋቢናው ቀርቦ ይቀመጥ፤ ከሸራውም በታች በገመድ ይጠበቅ።

ወንድሜ ከሥራቸው ሳይለቁ አንድ ዓመት በቅዳሜ ቅዳሜ በአቅራቢያ ገበያዎች በልኩ እየጫኑ ቆዩ፤ ገቢና ወጪውንም በዚያው ደብተር ጻፉት። ዓመቱ ሲፈጸም መኪናው ነዳጁንና ጥገናውን ችሎ ለጐማው መለወጫ ጥቂት አስቀርቶ ተገኘ፤ ለቤት ቀለብ ግን አልደረሰም። ወንድሜም ደብተሩን ሳይናገሩ ለባለቤታቸው ሰጧቸው። እትዬ ገልጠው ሲያነቡ በመካከሉ የተቀመጠውን ማመልከቻ አገኙ፤ እርሱንም መልሰው እዚያው አኖሩት።